በስሙ የተጠራ ሠራተኛ



ከእንጦጦ ተራራ ወደ ፈረንሣይ ለጋሲዮን በሚያወርደው መንገድ፣ የባሕር ዛፍ ሸክም ያጎበጣቸውን እናቶች ያላየ ከመካከላችን የለም። ዛፉ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከባሕር ማዶ መጥቶ ከተማይቱን ከማገዶ እጦት ታደጋት፤ ተሸካሚዎቹ ግን ደን ጠባቂ የሚያሳድዳቸው፣ ከስማቸው ይልቅ በሸክማቸው የሚታወቁ ሆነው ኖሩ። ከእነርሱ አንዳንዶቹ በዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ድጋፍ ተደራጅተው ሽመና ሲጀምሩ፣ ማኅበራቸው «የቀድሞ የማገዶ እንጨት ተሸካሚ ሴቶች» ተባለ። «የቀድሞ» የምትለውን ቃል ልብ እንበል። በጥርጣሬ ይታይ ለነበረ እጅ ክርና መወርወሪያ በአደራ ተሰጠው፤ እጁም ሸማኔ ሆነ።

ቅዱስ ጳውሎስ ለፊልሞና የጻፈው መልእክት ይህንኑ ያስተምረናል። አናሲሞስ ማለት «ጠቃሚ» ማለት ነው፤ ነገር ግን ለጌታው የማይጠቅም ባሪያ ሆኖ ነበር። ሐዋርያው ጠባቂ ይጨመርበት አላለም፤ እንደ ተወደደ ወንድም ተቀበለው ብሎ ለመነ እንጂ። ዕዳ ቢኖርበትም ራሱ ሊከፍል በገዛ እጁ ጽፎ ቃል ገባ። እንግዲህ ሰውን ማመን ባዶ ቃል አይደለም፤ የሚያምን ሰው ኪሳራውን አስቀድሞ ይቀበላል።

እኛስ? ስኳሩን ቆልፈን፣ ቦርሳዋን በየምሽቱ ፈትሸን የምናሰናብታት የቤት ሠራተኛ፣ አስቀድመን ሌባ ካልናት በኋላ የምትጠብቀው ምን ክብር ይቀራታል? እኛ ካህናትም ከዚህ ነፃ አይደለንም። ለዓመታት «ዘበኛ» እያልን የጠራነውን ሰው የክርስትና ስሙን የጠየቅነው፣ ታሞ ምሥጢረ ቀንዲል ልንሰጠው በሄድን ዕለት ነበር። በሩን ሁሉ በአደራ ሰጥተነው ሳለ ስሙን አለማወቃችን አሳፈረን።

ሠራተኛም በበኩሉ አሠሪው እስኪያከብረው ድረስ አይጠብቅ። ማንነቱ ከደመወዝ መዝገብ ሳይሆን ከጥምቀቱ የተቀበለው ነው፤ ስለዚህ ማንም በማያይበት ሰዓት በጥቂቱ የታመነ ይሁን። አሠሪም በእምነት ስም ደሞዝ አያጓድል፤ አደራ ያለ ፍትሕ ሽንገላ ነውና። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ ሰው ሥራ በጻፉት መልእክት፣ ሥራ ለሰው እንጂ ሰው ለሥራ እንዳልተፈጠረ አስተምረውናል።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት እያንዳንዳችን አንድ ሠራተኛ በስሙ እንጥራ፤ አንድ ቁልፍም በአደራ እንስጥ። በናዝሬት አናጢ ቤት ያደገው ጌታችን የእጃችንን ሥራ ይባርክልን። አሜን።