ለእኔ ብቻ የሚከፈት መስኮት

የሳሎኑ መስኮት እጀታ የተሰበረው ቤቱን በተከራየሁ በሦስተኛው ወር ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ ነኝ፤ ነፋስ የበዛበት ቀን ነበር። ልዘጋው በጉልበት ሳዞር እጀታዋ እጄ ላይ ቀረች። የኮንዶሚኒየም መስኮት ያላችሁ ታውቁታላችሁ፦ ኤልቲዜድ የሚባለው የብረት ፍሬም፣ በስቱኮ የተያዘ ስስ መስታወት፣ መሀል ላይ ደግሞ በሁለት ብሎን የታሰረች አንዲት እጀታ። እጀታዋ ስትዞር ከጎኗ የወጣችው ምላስ ቋሚው ፍሬም ላይ ትይዝና ተከፋቹን መስኮት ወደ ውስጥ ስባ ታጠብቀዋለች። ሥራዋ ይኼው ነው፣ ሌላ የላትም።

ሽቦ ፈለግኩ። ከእጀታዋ የቀረውን ጉማጅ ከፍሬሙ ጋር ጠምጥሜ አሰርኩትና "ለጊዜው" አልኩ። ለጊዜው 14 ወር ሆነ።

ሽቦው ደግሞ መጥፎ ሥራ አልነበረም፤ ይኼን ሳልናገር ባልፍ ውሸት ይሆንብኛል። ለመክፈት ጉማጇን ይዞ መስኮቱን ትንሽ ወደ ራስ ሳብ ማድረግ፣ ሽቦው ሲላላ ጭራውን ከታች በኩል ፈልጎ ሁለት ጊዜ ወደ ግራ መጠምዘዝ፣ ከዚያ መግፋት ነው። ከአንድ ወር በኋላ ስልክ እያወራሁ በአንድ እጄ እከፍተው ጀመር። እንዲያውም ኩራት ቢጤ ነበረኝ። የተማርኩት ምህንድስና፣ የምሠራው ሶፍትዌር፤ የተሰበረን ነገር በእጅ ባለ ነገር ማስኬድ ሙያዬ ነው ብዬ አስባለሁ።

ነሐሴ ላይ እናቴ ለዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና ከደብረ ብርሃን መጣች። አንዱ ዓይኗ ተሠራ፣ ታሸገ፣ ሐኪሙም ለክትትል ጥቂት ቀን እንድትቆይ ነገራት። በሁለተኛው ቀን እኔ ቢሮ ሄድኩ። ዝናብ ነበር፣ ቤቱ በረደ፣ እሷም ከሰል አያይዛ ቡና አፈላች። በሩን ዘግታዋለች፤ ለሰው ቤት እንግዳ ናትና ኮሪደሩን በጭስ መሙላት ነውር መስሏታል። መስኮቱን ልትከፍት ሞከረች። ባልታሸገው ዓይኗ ሽቦውን አየችው፣ ነካካችው፣ ጭራው የት እንዳለ ግን ማን ይንገራት? ተወችው።

የተዳፈነ ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለም የለውም፣ ሽታም የለውም። ደም ውስጥ ገብቶ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ቀድሞ ይይዛል። ሰው አየር እየሳበ ይታፈናል ማለት ነው። ያተረፋት የጎረቤት ሴትዮ ናት፤ ቡናው ሸቷት "ያለ እኔ ነው እንዴ የሚጠጣው?" ልትል መጥታ ብታንኳኳ መልስ የለም። በሩ አልተቆለፈም ነበር። ስትገባ እናቴ ሶፋው ላይ ዘንበል ብላለች፣ ትሰማለች፣ መነሳት ግን አልቻለችም። ደግፋ ደረጃው ላይ አስቀመጠቻት። ስደርስ ጤና ጣቢያ ወስደዋት ኦክስጅን ተሰክቶላታል። ማታ ላይ ወደ ቤት ተመለስን።

እኔ ይቅርታ ልጠይቃት ቃል ስፈልግ እሷ ቀደመችኝ። "አይ ልጄ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፤ መስኮቱን መክፈት አቃተኝ እኮ። የከተማ ነገር አላውቅበትም።"

እስከዛሬ የምመለስበት እዚህ ዓረፍተ ነገር ላይ ነው። የሶፍትዌር ሰው ከሆናችሁ ሌላም ነገር ትሰማላችሁ። አንድ ሰው የሠራነውን መጠቀም ሲያቅተው እኛ "የተጠቃሚ ስህተት" እንላለን፣ ጉዳዩን እንዘጋለን፣ ሻይ እንጠጣለን። ተጠቃሚው ደግሞ ብዙ ጊዜ ያምነናል። እናቴ አመነችኝ። መስኮቱ እንደተበላሸ እንኳ አላወቀችም፤ አዲስ አበባ መስኮት እንዲህ ይከፈታል መስሏታል።

ታዲያ ያጠፋሁት ምንድን ነው? መስበሩ አደጋ ነበር። ሽቦ ማሰሩም ብቻውን ጥፋት አይመስለኝም። እኛ አገር ዘዴ ባይኖር ግማሹ ቤት፣ ግማሹም መኪና በቆመ ነበር፤ ለሁሉም ነገር አዲስ መግዣ ያለው ማን ነው? እናቴ ራሷ ያሳደገችኝ በዘዴ ነው፤ የተቀደደውን ስትጠቅም፣ የተነቃነቀውን ስትወሽቅ። ዘዴን የሚንቅ ሰው ድህነትን በሩቁ የሚያውቅ ሰው ነው።

ያጠፋሁት የማን ግዴታ እንደሆነ ስጠይቅ 14 ወር ማሳለፌ ይሆን? ለቤቱ ባለቤት ደውዬ ነበር። "ስትገባ ደህና ነበር እኮ" ተባልኩ፤ እውነት ነው፣ ደህና ነበር። እኔም በልቤ "ንብረቱ የእሱ፣ ለምን የሰው መስኮት ላይ ገንዘቤን አፈሳለሁ" አልኩ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይላል። ሁለት ዓመት ለአንድ እጀታ በጣም የማይመች ዕድሜ ነው፦ ለመታገስ አጭር፣ ለመጠገን ደግሞ "ልወጣ አይደል እንዴ" ለማለት የሚበቃ። ክርክሩን ባለቤቱም እኔም እናሸንፈው ነበር። መስኮቱ ግን የክርክሩን ውጤት አይጠብቅም፤ በየቀኑ የሚነካው ሰው አለ።

በእኛ ሙያ ለዚህ የተለመደ ቃል አለን፤ "ቴክኒካል ዴት" ይባላል፣ የቴክኒክ ዕዳ እንበለው። ምሳሌውን በ1992 እ.ኤ.አ. ያመጣው ዋርድ ከኒንግሃም የተባለ ፕሮግራመር ነው። ቶሎ ለማድረስ ብለህ ያልበሰለ ኮድ ስትለቅ ተበደርክ ማለት ነው፤ ፈጥነህ አስተካክለህ ካልከፈልክ ወለዱ ይበላሃል። ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ስብሰባ ላይ እኔም ስጠቀምበት ኖሬያለሁ። አሁን ግን አንድ ቦታ ይጎረብጠኛል። ዕዳ ሲባል ተበዳሪውና ከፋዩ አንድ ሰው ነው። እኔ የተበደርኩት 14 ወር ሙሉ ሰላም ነው፤ ወለዱን የከፈለችው አንድ ዓይኗ የታሸገ ሴት ናት። ለዚህ ዓይነቱ ብድር ባንክ ቤት ያለው ስም ዕዳ አይደለም።

ሌላ የሚጎረብጠኝ ነገር ደግሞ አለ። ማርቲን ሃይደገር በ1927 እ.ኤ.አ. ባሳተመው "ኑባሬና ጊዜ" ውስጥ ስለ መዶሻ የጻፈው ዝነኛ ሐሳብ አለ። መሣሪያ በደህና ሲሠራ አናየውም፤ ዓይናችን ሥራው ላይ ነው። መሣሪያው ዓይን ውስጥ የሚገባው ሲሰበር ነው። እውነት ነው፣ እጀታዋን ያየኋት እጄ ላይ ስትቀር ነው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን ከራሴ ልጨምር፦ የተሰበረውም ተመልሶ ይሰወራል። የመጀመሪያው ሳምንት ሽቦው ያናድደኝ ነበር፣ በሁለተኛው ወር ጠፋ። ጣቴ ለመደው። ይሄኛው መሰወር ከመጀመሪያው የከፋ ነው፤ የመጀመሪያው ለሁሉም ሰው የሚሆን ሲሆን ሁለተኛው የሚሆነው ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ለእኔ መስኮቱ ይከፈታል። ለሌላው ሁሉ ግድግዳ ነው።

እዚህ ላይ ቪትገንሽታይን ትዝ ይለኛል፤ እሱን የምወደው እንደኔ ምህንድስና ጀምሮ ስለተወ ነው (እኔ ገና አልተውኩም)። በርሊን መካኒካል፣ ማንቸስተር ደግሞ ኤሮኖቲክስ አጥንቷል። ከ1926 እስከ 1928 እ.ኤ.አ. ፍልስፍናውን አስቀምጦ ከአርክቴክቱ ፓውል ኤንግልማን ጋር ቪየና ውስጥ ለእህቱ ለማርጋሬቴ ቤት ሠራ። የበርና የመስኮት እጀታዎቹን፣ መቀርቀሪያዎቹን፣ የቤት ማሞቂያዎቹን በገዛ እጁ ነው የነደፈው። ቤቱ ዛሬም አለ፤ የቡልጋሪያ የባህል ተቋም ነው። ይኼው ሰው በኋላ፣ ከሞተ ከሁለት ዓመት በኋላ በ1953 በታተመው መጽሐፉ፣ ትርጉሙን አንድ ሰው ብቻ የሚያውቀው ቋንቋ ቋንቋ ሊሆን አይችልም ብሎ ተከራከረ። እጀታውና ክርክሩ ይገናኛሉ ብሎ የጻፈ ይኑር አይኑር እኔን አያሳስበኝም። እኔ ቤት ግን ተገናኝተዋል። ሽቦዬ አንድ ተናጋሪ ያለው ቋንቋ ነበር።

በአማርኛ "እጀታ" ውስጥ "እጅ" አለ። የማን እጅ እንደሆነ ቃሉ አይናገርም። "እንግዳ" ደግሞ በአንድ ጊዜ የተጋበዘውንም የማናውቀውንም ሰው ይይዛል። ጥገና የምለውን ከዘዴ የምለየው አሁን በዚህ ነው፦ እንግዳ ሰው፣ ማንም ምንም ሳይነግረው፣ በጨለማም ቢሆን እጁን ሲሰድ ይሠራል ወይ? ሽቦው አጠገብ "ወደ ግራ ሁለት ጊዜ" የሚል ወረቀት ልለጥፍ አስቤ ነበር፤ በእኛ ቋንቋ ዶክመንቴሽን መሆኑ ነው። ከዚያ የታሸገውን ዓይን አሰብኩና ተውኩት።

በማግስቱ፣ ቅዳሜ፣ መርካቶ ወረድኩ። የሕንፃ ዕቃ ሱቆች ያሏቸው እጀታዎች ለአሉሚኒየም የሚሆኑ ናቸው። ለእኔ ዓይነቱ ምናለሽ ተራ ሂድ አሉኝ። ምናለሽ ተራ የአሮጌ ብረት ዓለም ነው፤ አንዱ ይቀጠቅጣል፣ አንዱ ይፈታል፣ አንዱ ይለያል። አንድ ሽማግሌ ሳጥን ሙሉ እጀታ አፈሰሱልኝ።

"ግራ ነው ቀኝ?" አሉኝ።

"እ?"

"መስኮቱ የሚዞረው በየት በኩል ነው? ማጠፊያው የት ነው?"

አላውቅም ነበር። 14 ወር በየቀኑ የከፈትኩት መስኮት ማጠፊያው በየት በኩል እንደሆነ ለማወቅ አየር ላይ በእጄ መክፈት ነበረብኝ። ሽማግሌው ሳቁ። "ቁመቷንስ ለክተሃል?" ምላሷ ከመቀመጫዋ ምን ያህል ከፍ እንደምትል ማለታቸው ነው፤ ካነሰች ፍሬሙን አታልፍም፣ ከበዛች ያለ መጭመቅ ትንከላወሳለች። ይሄንንም አልለካሁም። "በል ትነስ፣ ሮንዴላ ታስገባባታለህ፤ የበዛውን ግን አትቆርጠው" ብለው አንዲት የግራ መረጡልኝ። ያን ቀን ከማንም የሰማሁት ምርጥ የምህንድስና ትምህርት ነበር።

የድሮዎቹ ብሎኖች በዝገት ተጣብቀዋል። ሌሊቱን ናፍጣ አጠጥቼ አሳደርኳቸው። ጠዋት አንዱ በካቻቢቴ ወጣ። ሁለተኛው ራሱ ተላጠ፣ በብረት መጋዝ አዲስ መስመር አውጥቼለት እያቃሰተ መጣ፣ ሲወጣ ግን የቀዳዳውን ጥርስ በልቶታል። ከታች ካለው ጋራዥ ጥርስ ማውጫ ተዋስኩ፤ ጥርሱ ያለቀ የ5 ሚሊ ቀዳዳ ለ6 ሚሊ ብሎን ጥርስ ማውጫ ልኩ ነው፣ መብሳት እንኳ አያስፈልግም። ሽማግሌው እንዳሉት አነሰች፣ 2 ሚሊ ገደማ። ከመቀመጫዋ ሥር ሮንዴላ ደረብኩ።

ምላሷ የምትይዝበትን ቦታ ሳጸዳ አንድ ነገር አገኘሁ። ከቋሚው ፍሬም ላይ፣ በቀለም ተሸፍኖ፣ ከነጠላ ጫማ የተቆረጠ ጎማ ተጣብቋል። ከእኔ በፊት የነበረው ተከራይ መሆን አለበት። ምላሷ ስታልቅና መስኮቱ ሲንቀጫቀጭ ጎማ ለጥፎ አጠበቀው። ብልህ ሰው ነው፣ እኔም ብሆን ያንኑ አደርግ ነበር። እሱ መጀመሪያ መስኮቱን በመዳፉ ሳብ አድርጎ ከዚያ እንደሚያዞር አልጠራጠርም። እኔ ይሄን የት አውቄ? እጀታው ጠንካራ ነው እያልኩ ሦስት ወር በጉልበት አዞርኩ፤ ያለቀችው ብረት አንድ ቀን ተቆረጠች። "ሲገባ ደህና ነበር" ያስባለው መስኮት ደህና የነበረው ለእሱ ነበር።

ጎማውን በቢላ ፋቅኩ። እናቴ ከኋላዬ ቆማ ታያለች። እጀታዋን አዞረቻት፣ ገፋችው፣ ተከፈተ። ምንም አላለችም፤ ዘጋችውና ወጥ ልታይ ሄደች። እኔ ግን የሆነ አድናቆት እጠብቅ ነበር፣ አይዋሽም።

ለሁለተኛው ዓይኗ ጥቅምት ላይ ትመለሳለች። የምትተኛው መኝታ ቤት ነው፤ የዚያም መስኮት እጀታ መላላት ጀምሯል፣ ትንሽ ከፍ አድርገው ካልያዙት አይዘጋም። ትናንት ሄጄ አየሁት። ማጠፊያው በሌላ በኩል ስለሆነ የሚፈልገው የቀኝ ነው። ቁመቱን ለክቼ ስልኬ ላይ ጽፌዋለሁ።