ሁለት ድንጋይ በአንድ ከረጢት

ንባብ፦ ዘዳግም 25፥13-16፤ አሞጽ 8፥4-6

የዘዳግሙን ክፍል ቀስ ብላችሁ አንብቡት። በዚያ ዘመን ክብደት የሚለካው በድንጋይ ነበር፤ ነጋዴው ድንጋዮቹን በከረጢት ይዞ ይዞራል። ሕጉ የከለከለው ማታለሉን ብቻ አይደለም። ትልቅና ትንሽ ሁለት ዓይነት ድንጋይ መያዙን ራሱን ነው የከለከለው። ለምን? ትልቁ ለመግዣ ነው፣ ትንሹ ለመሸጫ። ሁለቱን የያዘ ሰው ሐሳቡ ታውቋል።

ዛሬ በድንጋዩ ፋንታ ጽሑፍ መጥቷል። ፌስታሉ ላይ "1 ኪሎ" ይላል፣ ውስጡ ያለው ሽንኩርት 900 ግራም ነው። እኛ በተጠለልንበት በኬንያ ለዚህ ሕግ አለ። በታሸገ ዕቃ ላይ የሚጻፈው የማሸጊያው ሳይሆን የውስጡ ክብደት መሆን አለበት፤ የነጋዴ ሚዛንም በመንግሥት ተመርምሮ ማህተም ይመታበታል።

የድንቹን ነገር ደግሞ ስሙ። ገበሬው የሚሸጠው በጆንያ ቁጥር ነው። ገዢው ታዲያ ከጆንያው አፍ በላይ መረብ ቀጥሎ ይቆልለዋል፤ ሉምቤሳ ይሉታል። ከ100 ኪሎ በላይ ይገባበታል፣ ክፍያው ግን የአንድ ጆንያ! በፈረንጆች 2019 የወጣው የድንች ደንብ አንድ ጆንያ ከ50 ኪሎ እንዳይበልጥ አዘዘ። ሉምቤሳ ግን በዚያ አልጠፋም። ገበሬው ራሱ ድንቹ እንዳይበሰብስበት ፈርቶ እሺ ብሎ ይጭናል።

"ተስማምተው የለ እንዴ፣ ኃጢአቱ ምኑ ላይ ነው?" የሚል ወገን አለ። አሞጽ የተቆጣላቸው ድሆችም እኮ ገበያ ወጥተው በፈቃዳቸው ነው የገዙት። መስፈሪያው ሲያንስ፣ የሚከፈለው ብር ሲከብድ እያወቁም ይገዙ ይሆናል፤ ሌላ ምን ይብሉ? የተቸገረ ሰው እሺታ ነጋዴውን ንጹሕ አያደርገውም።

ከዚህ ይልቅ የሚከብደኝ የኛው የካምፕ ቸርቻሪ ጉዳይ ነው። ሽንኩርት ከታሸገ በኋላ ደርቆ ቢቀል ወንጀል አልለውም፣ አንድ ራስ ጣል ያድርግበት። ግን 50 ኪሎ የተባለው ጆንያ ከጅምላው 47 ሆኖ ቢመጣለትስ? "እኔም ተሰርቄያለሁ" ብሎ 50 ፌስታል ያወጣል። በእያንዳንዱ 60 ግራም ጎደለ ማለት ነው። ሚዛን የሌላት እናት ጋ ሲደርስ ነገሩ ያበቃል፤ እሷ ለማን ታስተላልፈው? ሕጉ መጀመሪያ መያዝ ያለበት ጅምላውን ያሸገውን ነው፣ ይህን አምናለሁ። ተቆጣጣሪ ትንሹን ሱቅ ብቻ እየቀጣ ትልቁን መጋዘን ቢያልፍ ያ ራሱ ሁለት ድንጋይ ነው።

ቸርቻሪው ግን እስከዚያው 47 ፌስታል ያውጣ። ከከሰረ ዋጋው ላይ በግልጽ ጥቂት ሽልንግ ይጨምር። እናትየው ዋጋውን ታየዋለች፣ ትከራከራለች፣ ካልጣማትም ሌላ ሱቅ ትሄዳለች። የጎደለውን 60 ግራም ግን አታየውም።