ደካማ ደካማን ይረዳዋልን?

በመጠጥ የታሰረ ሰው መፈታትን በወደደ ጊዜ፥ አስቀድሞ የሚፈልገው ከእርሱ የበረታውን ነው። ወደ መሰሎቹ ጉባኤ እንዲሄድ ቢመከር ግን፥ የወደቀ የወደቀን እንዴት ያነሣል ብሎ ይጠራጠራል፤ ገመናውንም በሰው ፊት መግለጥ ያፍራል።

በ1935 ዓ.ም. እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር፥ ቢል ዊልሰን የሚባል የኒውዮርክ ሰው መጠጥ ከተወ ጥቂት ወራት ሆኖት ሳለ፥ ለንግድ ጉዳይ በአሜሪካ ወደምትገኘው ወደ አክሮን ከተማ ሄደ። ጉዳዩም አልቃና አለውና፥ ባረፈበት ሆቴል ሳለ የመጠጥ ፈተና ተነሣበት። በዚያን ጊዜ በስልክ ለቄሶች እየደወለ የፈለገው፥ የሚያጽናናውን ብርቱ ሰው አልነበረም፤ እንደ እርሱ የሚሠቃይ ሌላ ጠጪ ነበር እንጂ። በዚህም ከሐኪሙ ከቦብ ስሚዝ ጋራ ተገናኘ። ሐኪሙ ከዚያው ዓመት ከሰኔ ወር ጀምሮ በ1950 እስኪሞት ድረስ አልጠጣም፤ ቢልም ዳነ። ዛሬ በብዙ አገር የሚሰበሰበው ማኅበር ከእነዚህ ከሁለቱ ተወለደ። በጉባኤው የመግቢያ ዋጋ የለም፤ የአባት ስምም አይጠየቅም፤ መጠጥን ለመተው መውደድ ብቻ ይበቃል።

ስለዚህ በደጃፉ ቆሞ የሚያመነታ ሰው ለልመና የመጣ አይምሰለው። አዲሱ ሰው የትናንቱን ሥቃይ ሲናገር፥ ዐሥር ዓመት ሳይጠጣ የኖረው የቀድሞ እስራቱን ያስባል፤ እርሱን ሲመክርም ራሱን ይመክራል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ሸክሙን ይዞ በቤቱ የሚቀር ግን፥ ከራሱ ሌላ በጉባኤው የሚጠብቀውንም ሰው ይጎዳል።