አደራ ስጧቸው፣ ከአጠገባቸውም ቁሙ

ልጆቼ፣ ዘንድሮ በሰንበት ትምህርት ቤታችን የአዳጊዎችን ክፍል ስለተረከባችሁ ደስ ብሎኛል። የቤተ ክርስቲያናችን ደንብ ቃለ ዓዋዲ ከ4 እስከ 30 ዓመት ያሉትን ሁሉ በሰንበት ትምህርት ቤት ያቅፋል። እኔ እንዳየሁት ግን ልጅ ከእጃችን የሚያመልጠው ከ13 እስከ 18 ባለው ዕድሜ ነው። ሕፃን ሳለ እናቱ እጁን ይዛ ታመጣዋለች። አዳጊ ሲሆን የሚመጣው በራሱ እግር ነው፤ የሚቀረውም እንዲሁ። ስለዚህ የተረከባችሁት ቀላል ክፍል አይደለም፤ ዕድሜ ያስተማረኝን ላካፍላችሁ።

ልጆቻችን ያውቃሉ። አምስቱን አዕማደ ምሥጢር ይዘረዝሩላችኋል፣ ወረብ ያቀርባሉ፣ ጾሙን ይጾማሉ። ያው ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ግን ቤተሰቡ ለወር የላከለትን ብር በሳምንት ይጨርሳል። የዶርም ጓደኞቹ ጫት እንቃም ሲሉት እምቢ ማለት ይጨንቀዋል። ሲያመው ለማን እንደሚናገር አያውቅም፤ ከሰው ሲጣላም ይቅርታ መጠየቅ ሽንፈት ይመስለዋል። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መሰጠት ሲጀምር፣ ልብሳቸውን አጥበው የማያውቁ፣ ከቤታቸው ውጭ አድረው የማያውቁ ስንት ልጆች ሸኘን! ያስተማርናቸው እምነት እውነተኛ ነው። የጎደለው፣ ያን እምነት በሥራ የሚለማመዱበት ቦታ ነው።

እኔ የምለው አንድ ነገር ነው፦ ልጅ ኃላፊነትን የሚማረው ኃላፊነት ሲሰጠው ነው። አደራ ስጧቸው፤ ሰጥታችሁም አትራቁ።

ዮሴፍን አስቡት። መጽሐፍ ቅዱስ ታሪኩን ሲጀምር ዕድሜው 17 ነው፤ በፈርዖን ፊት ሲቆም 30። በመካከሉ የጲጥፋራን ቤት አስተዳደረ፣ ታስሮም የእስር ቤቱን ሥራ ያዘ። በጥጋቡ ሰባት ዓመት ከምርቱ አምስተኛው እጅ እንዲቀመጥ የመከረውና የግብፅን እህል የጠበቀው ሰው፣ አስቀድሞ የአንድ ቤት ጓዳ በታማኝነት የጠበቀ ልጅ ነበር። የጲጥፋራ ሚስት ስትፈትነው የመለሰላትንም አስተውላችሁ አንብቡት። መጀመሪያ ያነሣው ጌታው ምንም ሳይሰስት በእጁ የሰጠውን አደራ ነው፤ ከዚያም እግዚአብሔርን። የታመነ ልጅ እምቢ የሚልበት ምክንያት አለው። አዳጊዎችን ከኃጢአት እንዲሸሹ ስታስተምሩ፣ የሚጠብቁትም ነገር በእጃቸው ይኑር።

በገዛ ቤታችንም ምሳሌው አለ። የቆሎ ተማሪ ገና በልጅነቱ ከወላጆቹ ተለይቶ፣ ለምዱን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ ቁራሹን ይለምናል፤ የሚያድርበትን ጎጆ ራሱ ይቀልሳል። ከፍ ያለው ተማሪ ዝቅ ያለውን ያስጠናል። የዚያን ኑሮ መከራ ለዛሬ ልጆች አልመኝም፤ ረሃቡም፣ ብርዱም፣ የውሻው ንክሻም ብዙ ልጅ ጎድቷል። ሥርዓቱን ግን እንውሰደው፦ የተማረ ያስተምር፣ ታላቁ ለታናሹ ይጠየቅ።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ። የመንፈሳዊ ጉዞ ዝግጅት ለአዳጊዎች የሚሰጥ ጥሩ አደራ ነው። አንድ ጊዜ ደብረ ሊባኖስ ለመሄድ ስንዘጋጅ የገንዘቡን መዝገብ ለአንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ሰጠኋት። ደብተሩን በአራት አሰመረችው፦ ስም፣ የተከፈለው ብር፣ ቀን፣ የተቀባይ ፊርማ። ብር ሲቆጠር ሁልጊዜ ሌላ አንድ ልጅ አብሯት እየቆጠረ ይፈርም ነበር። የጉዞው ዋዜማ ላይ ደብተሩና ፖስታው ውስጥ ያለው ብር አልገጥም አለ፤ የሁለት ሰው ክፍያ ጎደለ። ዓይኗ እንባ አቀረረና «ከቤት አምጥቼ ልሙላው?» አለችኝ።

«ከመሙላትሽ በፊት የት እንደሄደ እንወቅ» አልኳት። ወንበር ስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩ፤ እሷ ስሙን እያነበበች፣ ጣቷን ከፊርማው ላይ እያሳረፈች ከላይ ወደ ታች ወረደች። ሁለት ወንድማማቾች ጋ ስትደርስ ቆመች። ስማቸውና የብሩ መጠን ተጽፏል፣ የተቀባይ ፊርማ ግን የለም። «እንከፍላለን» ብለው ተመዘገቡ እንጂ አልከፈሉም ነበር። ተጠርተው ከፈሉ። ከጉዞ መልስ ልጅቷ በአባላቱ ፊት ቆማ የአውቶቡሱን ኪራይ፣ የዳቦውንና የውኃውን ወጪ ከነደረሰኙ አነበበች፤ የተረፈውንም አስታወቀች። ጉድለት ሲገኝ እንደማይሸፋፈን፣ ሒሳብም በሰው ፊት እንደሚወራረድ ከዚያ ወዲያ ማንም ሊነግራት አያስፈልግም። ደብተሩን ተቀብዬ ራሴ ብመረምረው ቶሎ ያልቅ ነበር፤ እሷ ግን አልችልም ብላ ትሄድ ነበር።

መሪነትንም በዚሁ መንገድ አስተምሩ። ጥምቀት ሲደርስ ወጣቱ መንገድ ይጠርጋል፣ በታቦቱ ፊት ምንጣፍ ያነጥፋል፣ ታቦቱ ሲያልፍ ጠቅልሎ ተሸክሞ እየሮጠ እንደገና ከፊት ያነጥፋል። ያን ሁሉ ሕዝብ ይዞ እስከ ጃን ሜዳ የሚዘልቅ ሥራ በአንድ ሰው ጩኸት አይሆንም። ሙሴ ከጠዋት እስከ ማታ ብቻውን ሲፈርድ አይቶ የሺህ፣ የመቶ፣ የአምሳና የአሥር አለቃ እንዲሾም የመከረው አማቱ ዮቶር ነው፤ እናንተም ልጆቹን አሥር አሥር አድርጋችሁ ለየአሥሩ መሪ ስጡ። መሪው የአሥሩን ስም ይወቅ፣ የደከመውን ያሳርፍ፣ ውኃ መጠጣታቸውን ይይ፣ ሲመለሱ ቆጥሮ ያስረክብ፣ እሱ መጨረሻ ላይ ይብላ። በየዓመቱ በጸሎተ ሐሙስ ካህናት ጎንበስ ብለው የምእመናንን እግር ሲያጥቡ የሚያይ ልጅ፣ የዚያን ሥርዓት ትርጉም እንዲህ ሲያገለግል ይረዳዋል። ደግሞም መሪነቱን ለወንዱ፣ ወጥ ቤቱን ለሴቷ አታድሉ። ሴት ልጅ ስብሰባ ትምራ፣ ወንድ ልጅ ሽሮ ይሥራ።

ከወሩ አንዱን እሑድ ለኑሮ ትምህርት አውሉት። ምግብ ማብሰል፣ ልብስ ማጠብ፣ ቁልፍ መስፋት ይልመዱ። በወረቀት ላይ የአንድ ወር ብር ስጧቸውና ለትራንስፖርት፣ ለሳሙና፣ ለካርድ፣ ለፎቶ ኮፒ፣ ለአሥራት፣ ለቁጠባ ያከፋፍሉት፤ ከዚያ «በወሩ አጋማሽ ታመማችሁ፣ መድኃኒት ግዙ» በሏቸውና እንደገና ያስተካክሉት። ስለ ስፖርት ውርርድ በግልጽ ተነጋገሩ፤ ዝምታ አያዋጣም። የኪነ ጥበብ ክፍሉ ጭውውት ያዘጋጅ፤ አንዱ ይገፋፋ፣ ሌላው ሳይሳደብና ሳያፍር እምቢ ይበል። አፍ ያልለመደውን በፈተና ቀን አይናገርም። ስለ ፍቅርና ስለ ሰውነታቸው ለውጥ ሲጠይቁ አታሸማቅቋቸው፤ ከእናንተ ያጡትን መልስ ከስልካቸው ይፈልጉታል። ለቅሶ ቤት ይዛችኋቸው ሂዱ፤ ወንበር ይደርድሩ፣ ውኃ ያቅርቡ፣ ሐዘንተኛ እንዴት እንደሚጽናና ይዩ።

አደራው ግን ልክ ይኑረው። ለፈተና የተቀመጠን የ12ኛ ክፍል ተማሪ በስብሰባ ብዛት አታድክሙት፤ ጥናቱም አገልግሎት ነው። ሴት ልጅን አምሽታችሁ ብቻዋን አትስደዱ። ልጅ ከአንድ ትልቅ ሰው ጋር ብቻውን በተዘጋ በር ውስጥ አይሁን፤ ይህ ሕግ ለሁላችንም ይሥራ፣ ለእኔም ጭምር። አንድ ልጅ «እገሌ እንዲህ አደረገኝ» ብሎ ከነገራችሁ በእርጋታ ስሙት፣ ሳትውሉ ሳታድሩ ለሚመለከተው አድርሱት። የደብሩ ስም እንዳይነሣ ብላችሁ አታዳፍኑት። የደብሩ ክብር ልጆቹ ናቸው።

ወላጆችንም አትርሱ። ቅዱስ ጳውሎስ የጢሞቴዎስን እምነት ሲያነሣ አያቱን ሎይድንና እናቱን ኤውንቄን በስም ይጠራል፤ የወጣቱ አገልጋይ መሠረት የተጣለው ቤት ውስጥ ነው። ቤታቸው ድረስ ሄዳችሁ ልጃቸው የያዘውን ኃላፊነት ንገሯቸው፤ እነሱም የአስቤዛውን ብር፣ የታናሽ እኅቱን ጥናት፣ የአያቱን መድኃኒት ሰዓት ይስጡት። እሑድ የታመነ ልጅ ሰኞ እንደ ሕፃን ከተያዘ ያስተማራችሁት ይፈርሳል።

ልጁ ይሳሳታል። ሲሳሳት አደራውን ነጥቃችሁ ለጎበዙ አትስጡ፤ ጎበዙ ይበልጥ ይጎብዛል፣ ደካማው እዚያው ይቀራል። አስቀምጣችሁ ጠይቁት፣ ያርመው፣ ደግማችሁ ስጡት። ቢያጠፋ ንስሐ እንዲገባ ወደ ንስሐ አባቱ ምሩት፤ የሰበረውንም ራሱ ይጠግን።

በዚህ ወር በሦስት ነገር ጀምሩ፦ የንብረት ክፍሉን ቁልፍ ለሁለት አዳጊዎች በፊርማ አስረክቡ፤ የቃለ ጉባኤ አያያዝ አስተምራችሁ ቀጣዩን ስብሰባ እነሱ ይያዙት፤ ለእያንዳንዱ አዳጊ ከሕፃናት ክፍል አንድ ታናሽ ስጡት፣ ሲቀርም ቤቱ ሄዶ ይጠይቀው። ዓመቱ ሲያልቅ ቁልፉንም መዝገቡንም ለተተኪዎቻቸው በራሳቸው እጅ ያስረክቡ። ያን ርክክብ እናንተ ሳትናገሩ ከፈጸሙት ሥራችሁ ሠምሯል።

እግዚአብሔር ጉልበታችሁን ያበርታ፣ ትዕግሥቱን ያድላችሁ። ልጆቻችሁን ለወግ ለማዕረግ ያብቃላችሁ። እናንተም የምታስረክቡት ትውልድ አይጥፋባችሁ። አሜን።