ቤቱንና የቤቱን ሥራ ስለ መጠበቅ

አባቶቻችን ያቆዩልንን ጥንታዊ ቤት የምንጠብቀው ስለ ምንድር ነው? ዕድሜው ስለ ረዘመ ነውን? ወይስ በውስጡ ሲሠራ ስለ ኖረው በጎ ሥራ ነው? ይህ የመምህራን ክርክር ብቻ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን የደብሩ ጣራ ሲያፈስ፣ በሙዳየ ምጽዋቱም ጥቂት ገንዘብ ብቻ ሲገኝ የካህኑንም የምእመኑንም ሕሊና የሚያስጨንቅ ጥያቄ ነው።

ይህን የምንጽፈው በወልድያና በመርሳ መካከል ባለችው በሲሪንቃ ሆነን ነው። ይህ አገር በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. የረኀብን መከራ አይቷል፤ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻም ጦርነት ደርሶበት ሕዝቡ ተሰድዷል። ከእንዲህ ያለ መከራ በኋላ ሁለት ድምፅ ይሰማል። አንዱ «አስቀድመን የእግዚአብሔርን ቤት እንጠግን» ይላል፤ ሁለተኛው «አስቀድመን አባት እናት የሌለውን ልጅ እናብላ» ይላል። ሁለቱም እግዚአብሔርን በመውደድ የሚናገሩ ስለ ሆኑ አንዱን በችኮላ ልንነቅፍ አይገባንም።

ቅዱሳት መጻሕፍትን ብንመረምር ሁለቱንም ድምፅ ከነቢያት አፍ እናገኛለን። ነቢዩ ሐጌ ከምርኮ የተመለሱትን ሰዎች፣ ራሳቸው ባማረ ቤት ተቀምጠው የእግዚአብሔር ቤት ፈርሶ እንዲቀር ስለ ተዉት ገሥጿቸዋል። ከእርሱ አስቀድሞ የነበረው ኤርምያስ ግን በዚያው ቤተ መቅደስ ደጅ ቆሞ፣ መጻተኛውንና ባልቴቲቱን እየበደሉ በቤቱ መኖር ብቻ የሚታመኑትን ወቅሷል፤ ሴሎ እንዴት እንደ ፈረሰችም አስታውሷቸዋል። እንግዲህ ነቢያት ተጣሉን? አልተጣሉም። ሐጌ ቤቱን የናቁትን፣ ኤርምያስ የቤቱን ሥራ የናቁትን ገሠጹ እንጂ፤ ሁለቱም የተናገሩት ስለ አንድ አደራ ነው።

ይህንም የአገራችን ገበሬ ከሚያውቀው ነገር እንረዳለን። አንድ ሰው ወደ ሩቅ አገር ሲሄድ የማሽላ ዘር የሞላበትን ጎታ ለጎረቤቱ አደራ ሰጠ እንበል። ጎረቤቱ ዘሩን በልቶ ባዶውን ጎታ እየለቀለቀና እያሳመረ ቢያቆይ አደራ ጠበቀ አይባልም። ደግሞ «የሚያስፈልገው ዘሩ ነው» ብሎ ጎታው ሲሰነጠቅ ዝም ቢል፣ ነቀዝና ዝናብ ዘሩን ያጠፉታል። ባለቤቱ በተመለሰ ጊዜ የሚጠይቀው ሁለቱን ነው።

ለዚህ ምሳሌ የሚሆነን ቤት ከእኛ ሩቅ አይደለም። ከሲሪንቃ ወደ ደሴ የሚሄድ መንገደኛ መርሳን፣ ውርጌሳንና ውጫሌን አልፎ ሐይቅ ይደርሳል። በዚያም የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አለ፤ ቦታው ቀድሞ ደሴት የነበረ፣ ዛሬ ግን ከየብስ ጋር የተያያዘ ነው። በ13ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ከደብረ ዳሞ ትምህርት በኋላ ወደዚህ መጥተው ገዳሙን የትምህርት ቤት አደረጉት። አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከደቀ መዛሙርታቸው አንዱ ነበሩ። በ1273 ዓ.ም. ለገዳሙ የሰጡት የብራና ወንጌል የእርሳቸውን ሥዕል ይዞ እስከ እኛ ዘመን ደርሷል።

እንግዲህ የሐይቅ ክብር ምንድር ነው? ያ ወንጌል ባይጠበቅ ኖሮ የአባታችንን ሥራ የሚመሰክር ታላቅ ማስረጃ በጐደለን ነበር። ነገር ግን ወንጌሉ የተጻፈው ሊነበብ፣ ሊተረጐም፣ ሰውን ሊያንጽ ነው። ከሐይቅ የወጡት ደቀ መዛሙርት በየአገሩ ገዳም ባይገድሙና ሕዝብን ባያስተምሩ ኖሮ ያ ደሴት በውሃ የተከበበ ድንጋይ ብቻ ሆኖ በቀረ ነበር። መጽሐፉ ሥራውን አስታወሰ፤ ሥራውም መጽሐፉን አስከበረ።

ይህ ጥያቄ በባሕር ማዶም ይነሣል። በሃይማኖት ከእኛ የሚለዩት ክዌከር የሚባሉ ሰዎች በአሜሪካ፣ በኒው ዮርክ ግዛት፣ በፋርሚንግተን እ.ኤ.አ. በ1816 ጌጥ የሌለው የእንጨት መሰብሰቢያ ቤት ሠርተው ነበር። በዚያ የተሰበሰቡ ሰዎች ባርነት እንዲቀር፣ የሴቶች መብት እንዲከበር፣ በአገሩ ቀደምት ነዋሪዎች በሴኔካ ሕዝብ ላይም ፍርድ እንዳይጓደል ደክመዋል። እ.ኤ.አ. በ2006 ነፋስ ቤቱን በጐዳው ጊዜ ሊያድኑት የተነሡ ሰዎች ተገኙ፤ ስለ ሳንቃው ውበት ሳይሆን ቤቱ ስለሚመሰክረው ሥራ ነው። ለእኛ ግን ቤተ ክርስቲያን መሰብሰቢያ ብቻ አይደለችም፤ ታቦት የሚያድርባት፣ ሥጋው የሚፈተትባት፣ ደሙ የሚቀዳባት ናት። ስለዚህ ዕዳችን ይበዛል እንጂ አያንስም።

«ሁለቱን ማድረግ ባንችልስ?» የሚል ይኖራል። መልሳችን ይህ ነው፤ የተራበው ሰው በአንድ ክረምት ይሞታል፤ የሚያፈስ ጣራ ግን ለጊዜው ሣር ሊለብስ ይችላል። ስለዚህ ነፍስ በጭንቅ ላይ በሆነች ጊዜ ነፍስ ትቅደም። ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅም የማቴዎስን ወንጌል ሲተረጕም፣ ማዕዱን በወርቅ ጽዋ አስጊጠው ጌታን በድኻው አካል ደጅ ላይ የሚያስርቡትን ይወቅሳል፤ ይሁን እንጂ ለመቅደስ ስጦታ መስጠትን አልከለከለም። ጭንቁ ካለፈ በኋላ ግን «ድኻ አለ» የሚለው ቃል የስንፍና መሸፈኛ ሊሆን አይገባም።

ስለዚህ ወንድሞቻችን ካህናትንና ምእመናንን ይህን እንለምናለን። በጭቃና በድንጋይ የተሠራውን የአባቶች መቅደስ፣ በሲሚንቶ የተሠራ ትልቅ ሕንፃ ስላማረን ብቻ ባዋቂ ሳናስመረምር አናፍርስ፤ ሥዕሉ አንድ ጊዜ ከፈረሰ አይመለስምና። የብራና መጻሕፍትን ለሻጭ አሳልፈን አንስጥ። በደብሩ ዙሪያ ያለውን ዛፍ እንደ ቅጥሩ ሁሉ እንጠብቅ። ለጥገናም ገንዘብ በሰበሰብን ቍጥር አንዱን እጅ ለአብነት መምህሩ ቀለብ፣ ለተማሪውና ለባልቴቲቱ እንለይ። የፈረሰ ቅጥር ሲታየን እንደምንደነግጥ ሁሉ የተዘጋ ጉባኤ ቤት ሲታየንም እንደንግጥ፤ እርሱም የፈረሰ ቅጥር ነውና።

የቤቱ ባለቤት በመጣ ጊዜ ጎታውንም ዘሩንም ይጠይቀናል። ሁለቱን ይዘን በፊቱ እንድንቆም እርሱ በቸርነቱ ይርዳን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።