የሱስ ጣዕምና የሱስ ዕዳ በግጥም

ስለ ሱስ ግጥም የሚጽፍ ሰው ገና ብዕሩን ሲያነሣ ሁለት ግዴታዎች ይጠብቁታል። አንደኛው ለእውነት ያለበት ግዴታ ነው፤ ሱስ ሰውን የሚይዘው በመጀመሪያ ደስ ስለሚያሰኘው ነውና ይህን ደስታ የደበቀ ግጥም ሐሰተኛ ምስክር ይሆናል። ሁለተኛው ለአንባቢ ያለበት ግዴታ ነው፤ ደስታውን አሳምሮ የሣለ ግጥም ያልቀመሰውን ሊያስጎመጅ፣ ለመተው የሚታገለውንም ወደ ኋላ ሊመልስ ይችላል። ሁለቱ ግዴታዎች እርስ በርሳቸው የሚጋጩ ይመስላሉ። ለመሆኑ ገጣሚው የትኛውን ይምረጥ? ወይስ ግጭቱ የመጣው የሱስን ምንነት ጠንቅቆ ካለማወቅ ይሆን?

በትምህርት ቤት መድረክና በልዩ ልዩ በዓላት ላይ ስለ ሱስ ከሚነበቡት ግጥሞች ብዙዎቹ ይህን ጥያቄ የሚሸሹት ወደ ምክር በመጠጋት ነው። አካሄዳቸውም ከሞላ ጎደል እንዲህ ነው፦

መጠጥ ጠላትህ ነው፣ ሽሸው ወንድሜ ሆይ፣
ኑሮህን ያፈርሳል፣ ይህን አታይም ወይ?

ቤቱ ይመታል፤ ምጣኔው አልተዛነፈም፤ ምክሩም ስሕተት የለበትም። ይሁንና ይህን የሰማ ሱሰኛ አንድም አዲስ ነገር አልሰማም። ጤናው መታወኩን ከገጣሚው በፊት ሐኪሙ ነግሮታል፤ ኪሱ መራቆቱንም ከሁሉ አስቀድሞ ራሱ ያውቀዋል። ሱስ ባለማወቅ ላይ ብቻ የቆመ ቢሆን ኖሮ ማስጠንቀቂያ በበቃው ነበር። ዳሩ ግን ሱሰኛ እያወቀ የሚሄድ ሰው ነው። የግጥሙ እውነተኛ ጉዳይ ያለው በዚህች «እያወቀ» በምትለው ቃል ውስጥ ነው፤ የምክር ግጥም ግን እርሷን ዘሎ ያልፋል። ውጤቱም የተመከረው ሰው ማፈሩና ኀፍረቱን ለመርሳት ወደዚያው መመለሱ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው መንገድ የዚህ ተቃራኒ ነው። የጠጅ ቤት አዝማሪ መሰንቆውን እየመታ የጠጪውን ቸርነትና ጀግንነት ሲያወድስ ቤቱ ይሞቃል፣ ብርሌው ይዘዋወራል። ይህ የራሱ ማዕረግ ያለው የሕዝብ ጥበብ ነው፤ አዝማሪው የመጣው ጨዋታ ሊያደምቅ እንጂ ስለ ማግስቱ ሊመሰክር ስላልሆነ አይወቀስበትም። የሚወቀሰው፣ ጊዜ ወስዶ በወረቀት ላይ የሚጽፈው ገጣሚ የአዝማሪውን የአንድ ምሽት ሞቅታ ተውሶ የሕይወት ፍልስፍና አድርጎ ሲያቀርበው ነው። በዚህ ዓይነቱ ግጥም ውስጥ ዘወትር ምሽት ነው፤ ጧት የሚባል ነገር የለም። ብርጭቆ ይሞላል እንጂ ሒሳብ አይጠየቅም። ጠጪው ወዳጆች አሉት እንጂ ሚስትና ልጆች የሉትም።

የንግድ ማስታወቂያም የሚሠራው በዚሁ ዘዴ ነው። ኢትዮጵያ በ2011 ዓ.ም. ባወጣችው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተላለፍ ከልክላለች። ግጥምን እንዲህ የሚከለክል አዋጅ ግን የለም፤ ሊኖርም አይገባም። ስለሆነም እዚህ ላይ ፈራጁ የገጣሚው የራሱ ኅሊና ነው። የጻፈው ነገር ምስክርነት ነውን? ወይስ ዋጋውን የሸሸገ ማስታወቂያ? ይህን ጥያቄ ከእርሱ በቀር ማንም በጊዜው ሊጠይቅለት አይችልም።

እንግዲህ ምክሩም ውዳሴውም ካልሆነ ሦስተኛው መንገድ የትኛው ነው? መልሱን ለማግኘት የአማርኛ ተናጋሪ ከቋንቋው ርቆ መሄድ አያሻውም። በጫት ዙሪያ የበቀሉትን ቃላት ልብ ይሏል። ቅጠሉ ተቅሞ መንፈስ ሲነቃ፣ ሐሳብ ሲሰፋ፣ ምላስ ሲፈታ «ምርቃና» ይባላል፤ ቃሉ ለጆሮ ምርቃትን ያስታውሳል። ምርቃናውን ለማብረድ መጠጥ ሲከተል «ጨብሲ» ይሰኛል። በማግስቱ ሰዓቱ ሲደርስ የሚያዛጋው፣ የሚያነጫንጨው፣ ከሥራ ገበታ የሚያስነሣው ነገር ደግሞ «ሐራራ» የተባለ የራሱ ስም አለው። ለደስታው አንድ ስም፣ ለጉተታው ሌላ ስም መሰጠቱ ቀላል ነገር አይደለም። ተናጋሪው ሕዝብ ሁለቱ አንድ አለመሆናቸውን ከኑሮ ተምሮ መዝግቦታል።

ሳይንስም በበኩሉ ወደዚሁ ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ1993 በአሜሪካ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሆኑት ሮቢንሰንና ቤሪጅ ባሳተሙት ጥናት፣ አንድን ነገር መውደድና ያንኑ ነገር መሻት በአንጎል ውስጥ የተለያዩ ሂደቶች መሆናቸውን አስረድተዋል። ሱስ እየጸና ሲሄድ መሻቱ ይበረታል፤ መውደዱ ግን አብሮት አያድግም፣ እንዲያውም ሊመነምን ይችላል። ከዚህ የሚከተለው ትምህርት ለገጣሚ ታላቅ ነው። ሱሰኛውን የሚጎትተው ጣዕሙ ነው ብሎ የሚጽፍ ሰው የታሪኩን መጀመሪያ ብቻ አንብቧል። በታሪኩ መካከል ጣዕሙ ሞቶ ጉተታው ብቻውን ይቀራል፤ እጅ ባለቤቱ የማይወደውን ያነሣል፤ እግር ባለቤቱ ወደማለበት በር ይሄዳል። እንዲህ ሲሆን ስበቱን በእውነት መጻፍና ጉዳቱን በእውነት መጻፍ አንድ ሥራ ይሆናል።

ለዚህ ከሩቅ አገር አንድ ምሳሌ ሊጠቀስ ይቻላል፤ ምሳሌው ወደ ኢትዮጵያም የሚደርስ ክር አለው። እንግሊዛዊው ባለቅኔ ሳሙኤል ቴይለር ኮለሪጅ (እ.ኤ.አ. ከ1772 እስከ 1834) ኦፒየምን የለመደው በመድኃኒትነት ነበር። በዘመኑ ኦፒየም በአልኮል ተበጥብጦ «ላውደነም» በሚል ስም ለሕመም ማስታገሻ ያለ ከልካይ ይሸጥ ነበር። «ኩብላ ካን» የተሰኘውን ዝነኛ ግጥሙን በ1797 የሕመም ማስታገሻ ወስዶ ባንቀላፋበት ሰዓት በሕልሙ እንዳገኘው፣ ነቅቶ ሲጽፍም ከፖርሎክ የመጣ እንግዳ እንዳቋረጠውና ቀሪው ከአእምሮው እንደ ጠፋ ራሱ በመቅድሙ ተርኳል። ግጥሙ 54 ስንኞች ብቻ ያሉት ቁራጭ ሆኖ ቀረ። በመጨረሻው ክፍል አንዲት የሐበሻ ልጃገረድ ትታያለች፤ የሙዚቃ መሣሪያዋን እየመታች ስለ አንድ ተራራ ታዜማለች። ተራራው በታተመው ቅጂ «አቦራ» ሲባል በገጣሚው የእጅ ጽሑፍ «አማራ» ተብሎ ይገኛል። ባለ ሕልሙ ያን ዜማ በውስጡ ዳግመኛ ማስነሣት ቢችል ምን ድንቅ ሊሠራ እንደሚችል ይመኛል። ይሁንና ምኞት ብቻ ነው፤ ዜማው አልተመለሰለትም።

ይህ ግጥም «ስካር ቅኔ ይወልዳል» ለሚሉ ሁሉ ዋና ምስክር ሆኖ ሲጠቀስ ኖሯል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1816 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታተም ብቻውን አልነበረም። በዚያው ቀጭን መጽሐፍ ውስጥ ኮለሪጅ በ1803 የጻፈው «የእንቅልፍ ሥቃይ» የተሰኘ ሌላ ግጥም ተካትቶ ነበር። በዚህኛው ውስጥ ቤተ መንግሥትም ሆነ የልጃገረድ ዜማ የለም። በራሱ ጩኸት የሚባንን፣ የበደለ ይሁን የተበደለ መለየት ተስኖት የሚያፍር፣ እንቅልፍን እንደ መከራ የሚፈራ፣ በመጨረሻም መወደድን ብቻ የሚሻ ሰው አለ። ኮለሪጅ ይህን ግጥም ከፊተኛው ጎን ያኖረው ለንጽጽር መሆኑን በመቅድሙ ገልጿል። አንባቢው ዓለም ግን የመጀመሪያውን በቃሉ አጥንቶ ሁለተኛውን ረሳው። በ1821 ስለ ኦፒየም ልማዱ የጻፈው ቶማስ ዴ ኩዊንሲም ደስታውንና ሥቃዩን በየክፍሉ ለይቶ ቢያቀርብም ሱሱን አማላይ አድርጎታል ከሚል ወቀሳ አልዳነም። ጣዕሙና ዕዳው በሁለት ግጥም ወይም በሁለት ምዕራፍ ሲለያዩ አንባቢ የወደደውን መርጦ ይወስዳልና።

ሆኖም የኮለሪጅ ሁለት ግጥሞች አብረው ሲነበቡ አንድ ነገር ይገለጣል። ላውደነሙ ቃል የገባለት ከሥቃይ ዕረፍትና ያማረ ሕልም ነበር፤ ዕዳው የተጠየቀበትም በዕረፍቱና በሕልሙ ነው። ሱስ ብድሩን የሚያስመልሰው በሰጠው ዓይነት ነው። ለወዳጅነት ሲል መጠጣት የጀመረ ሰው በመጨረሻ ብቻውን ሲጠጣ ይገኛል። ለጥናት እንዲነቃ ጫት የጀመረ ተማሪ ያለ ጫት አንድ ገጽ መግለጥ ያቅተዋል። ሐሳቡን ለመርሳት የቀመሰ ሰው ከዚያ በኋላ ሌላ የሚያስበው ያጣል።

ዕዳው ግን የሚከፈለው ከተበዳሪው ኪስ ብቻ አይደለም። የኮለሪጅ ሚስትና ልጆች በሰሜን እንግሊዝ በኬዚክ ከተማ ባብዛኛው በገጣሚው ሮበርት ሳውዚ ድጋፍ ይኖሩ ነበር፤ እርሱ ራሱ ከ1816 እስከ ዕለተ ሞቱ፣ 18 ዓመት ሙሉ፣ በሐኪሙ በጄምስ ጊልማን ቤት ተጠግቶ ኖረ። በ1798 «ውርጭ በእኩለ ሌሊት» በተሰኘው ግጥሙ አጠገቡ የተኛውን ሕፃን ልጁን ሀርትሊን በተፈጥሮ መካከል ነፃ ሆኖ እንዲያድግ መርቆት ነበር። ሀርትሊም ገጣሚ ሆነ፤ ነገር ግን በ1820 በመጠጥ የተነሣ በኦክስፎርድ የኦሪየል ኮሌጅ ያገኘውን የትምህርት ማዕረግ አጣ። የአባት ሱስ የልጅን ሱስ ወለደ ብሎ መፍረድ ለማንም አይገባም። ሆኖም ያን ምርቃት ይህን እያወቀ የሚያነብ ሰው ድምፁ ሳይሰበር ሊያነበው አይችልም።

ስለዚህ ስለ ሱስ የሚጽፍ ገጣሚ ዓይኑን ከብርጭቆው አንሥቶ ወደ ቤት መመልከት ይኖርበታል። ቀደም ሲል ከቀረበው የምክር ስንኝ ጋር የሚከተለውን ማነጻጸር ይቻላል፦

ኮቴውን ስትሰማ፣ ከደጅ ሲደናቀፍ፣
ዓይኗን ጨፈነችው፣ እንዲመስል እንቅልፍ።

እዚህ ውስጥ «መጠጥ» የሚል ቃል የለም፤ «ክፉ» የሚል ፍርድም የለም። ያለችው አባቷን በኮቴው የምትለይና የተኛች ለመምሰል የተማረች ልጅ ናት። ሰካራም ሰው ይህን ቢያነብ የሚከራከረው አጥቶ ምናልባት የራሱን ልጅ እንቅልፍ ይጠራጠር ይሆናል። ከግጥም የሚጠበቀውም ይኸው ነው። ግጥም ሱስን የሚያድን መድኃኒት አይደለም፤ ለዚያ ሐኪምና የቅርብ ወዳጅ ያስፈልጋል። ግጥም ሊያደርግ የሚችለው ያልታየውን ማሳየት ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ከባድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። የሚስትን እንባና የልጅን ፍርሃት ለስንኝ ማጌጫ ማድረግ ራሱ በደል አይደለምን? በእርግጥም በደል የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ይኸውም ሥቃዩ ሱሰኛውን አውሬ አድርጎ ለማቅረብ ብቻ ሲጠራ ነው። መድረክ ላይ ሰካራም ገጸ ባሕርይ ሲንገዳገድ ተመልካች ይስቃል፤ በግጥም ውስጥ ደግሞ ይወገዛል። ሳቁም ውግዘቱም ተመልካቹን «ይህ እኔን አይመለከትም» ብሎ እንዲያርፍ ያደርጉታል። በር ላይ የተደናቀፈው ሰው ልጁን የሚወድ አባት መሆኑ ከተረሳ የልጅቱም ኀዘን ግማሹ ይጠፋል፤ የምትፈራው ሰው የምትወደው ሰው ስለሆነ ነውና ኀዘኑ የከበደው።

የአማርኛ ገጣሚ ለዚህ ሁሉ የሚረዳው ጥንታዊ መሣሪያ በእጁ አለ። ቅኔ ሰምና ወርቅ የሚለውን ስም የወሰደው ከአንጥረኛ ሥራ ነው። አንጥረኛው አስቀድሞ ሰሙን ይቀርጻል፣ በጭቃ ይሸፍነዋል፤ ሰሙ በእሳት ቀልጦ ሲወጣ ወርቁ ባዶውን ቦታ ይሞላል። ሰሙ በጥንቃቄ ካልተቀረጸ ወርቁ መልክ አይኖረውም። የሱስ ጣዕምም በግጥም ውስጥ እንዲሁ ነው። ደስታውን አዛብቶ ወይም ደብቆ የጻፈ ሰው ኪሳራው የሚፈስበትን ቅርፅ አበላሽቷል፤ ደስታውን ቀርጾ በዚያው የቀረ ደግሞ ሰም ብቻ ሸጧል። በመግቢያው ላይ የሚጋጩ የመሰሉት ሁለት ግዴታዎች እንግዲህ አንድ ናቸው። ጣዕሙን በሐቅ ይቅረጽ፤ ከዚያም ዕዳውን ሳይቀንስ በዚያው ቅርፅ ውስጥ ያፍስስ።