ስለ መሄድና ስለ መቆየት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን ሆይ፤ በዘመናችን ካህናት ከምእመናን አንደበት ደጋግመው ከሚሰሟቸው ጥያቄዎች አንዱ «ልሂድ ወይስ ልቆይ?» የሚለው ነው። ጠያቂው አንዳንድ ጊዜ በገበያ ጥግ ትንሽ ሱቅ ያለው ጐልማሳ፥ አንዳንድ ጊዜ በአንዲት የስፌት መኪና ልጆቿን የምታሳድግ እናት፥ አንዳንድ ጊዜም ትምህርቱን ጨርሶ ደመወዙ ከወር እስከ ወር አላደርስ ያለው ወጣት ነው። በአንድ በኩል የጀመሩት ሥራ አለ፤ ትንሽ ነው፥ ነገር ግን የራሳቸው ነው። በሌላው በኩል ከቤይሩት፥ ከሪያድ፥ ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ የሚጠራ ዘመድ አለ። ጥያቄው የእንጀራ ጥያቄ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለነጋዴዎችና ለመንግሥት ሹማምንት በተውነው ነበር። ዳሩ ግን የትዳር፥ የልጆች፥ የሃይማኖትም ጥያቄ ሆኖ ስለምናገኘው፥ በቅዱሳት መጻሕፍት ብርሃን ልንመለከተው ይገባናል።

አስቀድመን የታዘብነውን እንናገር። ስለዚህ ጉዳይ ወደ ንስሐ አባታቸው ከሚመጡት ብዙዎቹ የሚመጡት ከወሰኑ በኋላ ነው። ሱቁ ተሸጧል፤ ለደላላው ተከፍሏል፤ የቀረው የመሸኛ ጸሎት ነው። ካህኑም መስቀሉን ያሳልማል፥ «እግዚአብሔር ይከተልህ» ብሎ ይሸኛል። ጸሎቱ መልካም ነው፤ ምክር የሚጠየቅበት ሰዓት ግን አልፏል።

ከአገር ወጥቶ መሥራት በራሱ ኀጢአት አይደለም። የሚሄደውን ሁሉ ገንዘብ ወዳድ፥ የሚቆየውን ሁሉ አገር ወዳድ አድርጎ መስበክም ስሕተት ነው። አባታችን አብርሃም ከዘመዶቹ ተለይቶ የወጣው በእግዚአብሔር ቃል ነው፤ ወደ ግብፅ የወረደው ግን ራብ ስለ ጸና ነው (ዘፍ. 12)። በመጽሐፈ ሩትም የኑኃሚን ባል ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን ይዞ ከቤተ ልሔም ወደ ሞዓብ የተሰደደው በራብ ምክንያት ነበረ። እኛስ በሚያዝያ ወር 2007 ዓ.ም. በሊቢያ ስለ ክርስትናቸው አንገታቸውን ለሰይፍ የሰጡትን ወንድሞቻችንን እንዴት እንረሳለን? እነርሱ እንጀራ ፍለጋ የወጡ ስደተኞች ነበሩ። በየደጁ «ለገንዘብ ብሎ ሄደ» እየተባለ ከሚታማው ወገን መካከል ሰማዕታት ተገኝተዋልና፥ በተጓዥ ላይ ለመፍረድ የምንቸኩል ሁሉ አፋችንን ብንይዝ ይሻለናል።

እንግዲህ ነቀፋው በምን ላይ ነው? ሐዋርያው ቅዱስ ያዕቆብ በመልእክቱ በምዕራፍ 4 ከቁጥር 13 ጀምሮ ስለ አንዳንድ ነጋዴዎች ይናገራል። እነዚህ ሰዎች የሚነሡበትን ቀን ቈርጠዋል፥ የሚሄዱበትን ከተማ መርጠዋል፥ የሚቆዩበትን ዘመን አንድ ዓመት ብለው ወስነዋል፥ የሚያገኙትንም ትርፍ አስበዋል። ሐዋርያው የሚነቅፋቸው ስለ ነገዱ ወይም ስለ ሄዱ አይደለም፤ ይህን ሁሉ ሲቈጥሩ የነገይቱ ቀን በእጃቸው እንዳልሆነች ስላልቈጠሩ ነው። ትርፉን በብር ከነሳንቲሙ ያሰሉ ሰዎች ራሳቸውን ከሒሳቡ አውጥተዋል። ብታመም፥ ብሞት፥ አሠሪዬ ክፉ ቢሆን፥ ጦርነት ቢነሣ የሚል መስመር በመዝገባቸው የለም።

ጌታችንም በወንጌል ግንብ ሊሠራ ስላሰበ ሰው ሲያስተምር፥ አስቀድሞ ተቀምጦ ኪሳራውን እንዲቈጥር ነግሮናል (ሉቃ. 14፥28)። በዚህ ምሳሌ ውስጥ «ተቀምጦ» የምትለዋን ቃል አትለፏት። እኛ ብዙውን ጊዜ የምንወስነው ቆመን ነው፤ ጎረቤት ቤት ሠራ ሲባል፥ የአክስት ልጅ ፎቶግራፍ ላከች ሲባል፥ ልባችን ይነሣና እግራችን ይከተለዋል።

ተቀምጠን እንቍጠር ካልን፥ በሰው አገር ስለ መሥራት ከያዕቆብ ታሪክ የሚበልጥ ትምህርት አላገኘሁም። ያዕቆብ በላባ ቤት 20 ዓመት ሠርቷል፤ 14ቱን ስለ ሁለቱ ሴቶች ልጆች፥ 6ቱን ስለ በጎቹ። ቀን በፀሐይ ሐሩር፥ ሌሊት በቁር ተቃጥሏል፤ እንቅልፍ ከዐይኑ ሸሽቷል፤ ደመወዙም ዐሥር ጊዜ ተለዋውጦበታል (ዘፍ. 31፥38-41)። ይህን ያደረገበት እንግዳ ሰው አልነበረም፤ የእናቱ ወንድም ነው። ሲነጋገሩ ምስክር አልቆመም፥ ወረቀት አልተጻፈም፤ ሰባት ዓመት ስለ ራሔል ሠርቶ በነጋው ያገኘው ልያን ነው። «አጎቴ ጠርቶኝ ነው፥ ዘመድ አለኝ፥ ውል ምን ያደርግልኛል» የሚል ሰው ካለ ይህን ምዕራፍ ደጋግሞ ያንብብ።

በአገራችን በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 የቪዛውን ክፍያ፥ የደርሶ መልስ መጓጓዣውን፥ የመኖሪያና የሥራ ፈቃዱን ወጪ በአሠሪው ላይ ጥሎታል፤ ሠራተኛው የሚከፍለው ለፓስፖርቱ፥ ለሐኪም ምርመራውና ለመሳሰለው ነው። ታዲያ አንድ ደላላ ስለ ቪዛ ብሎ የእናትን ጥሪት ወይም የአባትን በሬ የሚያሸጥ ከሆነ፥ ተጓዡ ገና ከቤቱ ሳይወጣ ላባን አግኝቶታል ማለት ነው። ከፋላ የሚባለው፥ የሠራተኛውን መኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪው ጋር አስሮ የኖረው ሥርዓትም አለ። አንዳንድ መንግሥታት በቅርብ ዓመታት አሻሽለነዋል ቢሉም፥ ፓስፖርቷን አሠሪዋ የያዘባት እኅት ምን ማለት እንደ ሆነ ታውቀዋለች። በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ዐረቢያ ከ160,000 የሚበልጡ ወገኖቻችን በጥቂት ወራት ውስጥ ተመልሰዋል፤ ብዙዎቹ የመጡት የለበሱትን ልብስ ብቻ ይዘው ነው። በ2012 ዓ.ም. በክረምቱ መግቢያ ደግሞ በቤይሩት የገንዘብ ውድቀትና ወረርሽኙ ሲገጣጠሙ፥ አሠሪዎች የቤት ሠራተኞቻቸውን በመኪና አምጥተው ከነሻንጣቸው በቆንስላችን ደጃፍ ላይ ጥለዋቸው ሄደዋል። ይህን የምናነሣው ለማስፈራራት አይደለም። ሠርተው፥ ወላጆቻቸውን ጦረው፥ በሰላም የተመለሱም ብዙዎች ናቸው። በሒሳቡ ውስጥ ግን ይግባ።

ያዕቆብ ግን ሌላም ነገር ያስተምረናል። ላባ እንዲቆይለት በለመነው ጊዜ ለገዛ ቤቱ የሚሠራው መቼ እንደ ሆነ ጠይቆታል (ዘፍ. 30፥30)። እንግዲህ በሰው ቤት ሲሠራ ልቡ በገዛ ቤቱ ነበረ፤ ዘመኑም መጨረሻ እንዲኖረው ፈልጓል። ከእኛ ግን ብዙዎች «ለሁለት ዓመት ብቻ» ብለው ይሄዳሉ፤ ሁለቱ ዓመት ለምን እንደ ሆነ ግን አይናገሩም። የተላከው ገንዘብ ለሠርግ፥ ለተዝካር፥ ለወንድም ስልክ፥ ለጎረቤት ብድር ይሆናል፤ ሰውየው ሲመለስ የሚያገኘው የተበላ ላብ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተፈቀደ ወዲህ፥ ቀድሞ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አልፏልና፥ የውጭው ደመወዝ በዐይናችን ላይ ገዝፏል። ነገር ግን ዘይቱም፥ ጤፉም፥ የቤት ኪራዩም በዚያው ዘመን ወደ ላይ መውጣታቸውን በዚያው ወረቀት ላይ መጻፍ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ትንሿ ሱቅ እንምጣ። በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ በምዕራፍ 4 የአንዲት መበለት ታሪክ ተጽፏል። ባሏ ሞቶ ዕዳ ተረፋት፤ ባለ ዕዳውም ሁለት ልጆቿን ባሮች ሊያደርግ መጣ። ነቢዩ ኤልሳዕ ገንዘብ አልሰጣትም፤ በቤትሽ ምን አለ ብሎ ጠየቃት እንጂ። ከአንዲት ማሰሮ ዘይት በቀር ምንም አልነበራትም። ሥራው የተጀመረው ከዚያች ማሰሮ ነው። ማድጋዎቹን ከጎረቤቶቿ ተዋሰች፤ ይህም የጎረቤት እምነት የሌለው ሰው ንግድ መጀመር እንደማይሆንለት ያሳያል። ደጁንም በራሷና በልጆቿ ላይ ዘጋች፤ ገና ያልሞላውን ማድጋ ለመንደሩ አላሳየችም። ተአምሩን ያደረገው እግዚአብሔር ነው፤ ዘይቱን ከማድጋ ወደ ማድጋ የገለበጠችው ግን እርሷ ናት። ከዚያ በኋላ ነቢዩ የሰጣት ትእዛዝ ለነጋዴ ሁሉ የሚሆን ነው፤ ሽጪ፥ ዕዳሽን ክፈዪ፥ በተረፈው ኑሪ አላት። ቅደም ተከተሉን ተመልከቱ። እኛ ዘንድ አስቀድሞ የሚኖረው ኑሮው ነው፤ ዕዳው «ከተረፈ» ይባላል።

ብዙ ሱቆች የሚዘጉት ገበያ ጠፍቶ ሳይሆን ባለቤታቸው ዋናውን ስለ በላው ነው። የሱቁ መሳቢያና የቤቱ ኪስ አንድ ከሆኑ፥ ጠዋት የተሸጠው ስኳር ማታ ወጥ ይሆናል፤ በወሩ መጨረሻ ስኳር የሚገዛበት የለም። እቁብ ሲደርስም ሰውየው እንደ ትርፍ ይቈጥረዋል፤ ቀድሞ የደረሰው እቁብ ግን ገና የሚከፈል ዕዳ ነው። ዱቤም አለ፤ ለዘመድ ተሰጥቶ በማፈር የማይጠየቅ። «በውጭ አገር ብሆን ይህ ሁሉ አይደርስብኝም» የሚለው ሰው፥ ገንዘብ መያዝ በሱቁ ካልተማረ በሪያድም እንደማይማረው ይወቅ።

ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀን ግን አንድ ነገር ነው። በቤታችን ሆነን፥ በሰው አገር ያለች እኅታችን ደመወዟን ተከለከለች ሲባል እናለቅሳለን፤ ማልቀሳችንም ተገቢ ነው። ነገር ግን በዚያው ቤት፥ በዚያው ሱቅ ጓዳ ውስጥ፥ ከገጠር የመጣች ልጅ ሌሊት 10 ሰዓት ተነሥታ እንጀራ ትጋግራለች፤ ደመወዟም «እኔ ዘንድ ይጠራቀምልሽ» ተብሎ ዓመት ይሞላዋል። ዕቃ ከሰበረች ይቈረጥባታል። እሑድ ቅዳሴ ልሂድ ስትል «ማን ይሠራል?» ትባላለች። ሕገ ኦሪት የድኻውን ሠራተኛ ደመወዝ ፀሐይ ሳይገባ እንድንሰጠው፥ ወደ እግዚአብሔር እንዳይጮኽብን አዝዞናል፤ መጻተኛውንም ከወንድም ለይቶ አላየውም (ዘዳ. 24፥14-15)። ቅዱስ ያዕቆብም የተቀማው ደመወዝ ራሱ እንደሚጮኽ ይነግረናል (ያዕ. 5፥4)። በቤይሩት ያለውን ላባ የምንረግም እኛ፥ በገዛ ቤታችን ላባ ሆነን እንደ ሆነ የቤታችን ሠራተኛ ትመስክር። ሚዛኑም እንዲሁ ነው፤ በበርበሬ ውስጥ የሸክላ ዱቄት፥ በቅቤ ውስጥ ሌላ ስብ ጨምሮ የሸጠ ሰው ለሕንፃ ቤተ ክርስቲያን ዐሥራት ቢያመጣ፥ ያመጣው የድኾችን ጉሮሮ ነው።

ከውጭ ባዶ እጃቸውን ለተመለሱት ደግሞ አቂላንና ጵርስቅላን እናስታውሳቸዋለን። እነዚህ ባልና ሚስት ቄሣር ቀላውዴዎስ አይሁድ ሁሉ ከሮም እንዲወጡ ባዘዘ ጊዜ ተባርረው ወደ ቆሮንቶስ የመጡ ናቸው። በዚያም የድንኳን ሥራቸውን ተከሉ፤ ቅዱስ ጳውሎስም የእጁ ሥራ ያው ነበርና ከእነርሱ ጋር ተቀምጦ ሠራ (የሐዋ. ሥራ 18፥2-3)። የተባረረ ሰው የተረገመ አይደለም። ሐዋርያ ከጎኑ ሊቀመጥበት የሚወድ ትንሽ የሥራ ቤት በዚያው ስደት ማግሥት ሊከፈት ይችላል።

የእኛይቱ ቤተ ክርስቲያንስ አጀማመሯ ከዚህ ነገር የራቀ ነውን? በአራተኛው መቶ ዓመት ከጢሮስ የመጡት ሁለቱ ወንድማማቾች፥ ፍሬምናጦስና ኤዴስዮስ፥ በአክሱም ቤተ መንግሥት ያገለገሉት በሰው አገር ነበር፤ አንዱ የንጉሡ ጠጅ አሳላፊ፥ ሌላው ጸሐፊና በጅሮንድ ሆነው። ፍሬምናጦስ ለንግድ የመጡትን የሮም ክርስቲያኖች እየፈለገ፥ የጸሎት ቦታ እንዲያዘጋጁ ያበረታታቸው ነበር። በኋላ መሄድ በተፈቀደላቸው ጊዜ ኤዴስዮስ ወደ ወላጆቹና ወደ ዘመዶቹ ወደ ጢሮስ ቸኵሎ ተመለሰ፥ በዚያም ቅስና ተቀበለ፤ ፍሬምናጦስ ግን ወደ እስክንድርያ ወደ ቅዱስ አትናቴዎስ ሄደ፥ ጳጳስ ሆኖም ወደ እኛ ተመለሰ፤ እርሱም አባታችን አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ነው። ከሁለቱ አንዱንም የነቀፈ አባት የለም። ለአንዱ ቤቱ የነበረው ለሌላው ቤቱ አልነበረም።

ስለዚህ ማንም ተነሥቶ ለሁሉ «ሂዱ» ወይም ለሁሉ «ቆዩ» ሊል አይችልም። ባለ ትዳር የሆነ ግን ብቻውን አይወስንም። ሐዋርያው ባልና ሚስት ለጸሎት እንኳ የሚለያዩት ተስማምተው፥ ለጊዜውም ብቻ እንደ ሆነ ጽፏል (1 ቆሮ. 7፥5)፤ ለጸሎት እንዲህ ከሆነ ለገንዘብማ እንዴት ይሆናል? ሕፃኑን ማን እንደሚያሳድገው፥ የሚላከውን ገንዘብ ማን እንደሚይዘው፥ መመለሻው መቼ እንደ ሆነ በሁለቱ ፊት ይነገር።

ወደ ንስሐ አባታችሁም ስትመጡ ሱቁ ሳይሸጥ፥ ለደላላው ሳይከፈል፥ ሁለታችሁም አብራችሁ ኑ። የሥራ ውሉን ወረቀት በአንድ እጅ፥ የሱቁን መዝገብ በሌላው እጅ ያዙ። ንስሐ አባታችሁም ያን ቀን ለመስቀል ማሳለሚያ ብቻ ሳይሆን ለማንበብም ጊዜ ይስጡ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።